ሬዚስተሩን አውጥተን ፓምፑን ስናስገባ፦ ስለ ፀሐይ ውኃ ፓምፕ ኮንቨርተሮች ሞዴል

በፀሐይ ኃይል ስለሚሠሩ የውኃ ፓምፖች የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎችንና የሲሙሌሽን ሥራዎችን ሳነብ ደጋግሜ የማገኘው አንድ ሥዕል አለ። በግራ የፀሐይ ፓነል፣ መሐል ላይ ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርግ ቡስት ኮንቨርተር፣ በቀኝ ደግሞ በፓምፑ ፋንታ ኃይሉን ወደ ሙቀት ብቻ የሚለውጥ አንድ ሬዚስተር ይቀመጣል። ከዚያ የፀሐይ ብርሃኑ ከ1000 ወደ 600 ዋት በካሬ ሜትር ዝቅ ይደረግና ተቆጣጣሪው አዲሱን የከፍተኛ ኃይል ነጥብ፣ ማለትም ፓነሉ ከሁሉ የበለጠ ኃይል የሚሰጥበትን ቮልቴጅ፣ በስንት ሚሊሰከንድ እንዳገኘው በግራፍ ይታያል። ሥራው ብዙ ጊዜ በጥንቃቄ የተሠራ፣ ስሌቱም ትክክል ነው። ሆኖም ርዕሱ ስለ ውኃ የሚናገር ጽሑፍ በውስጡ ውኃ የለበትም። በዚህ ጽሑፍ ማሳየት የምፈልገው ሬዚስተሩን አውጥተን በምትኩ ፓምፑን ከነጉድጓዱና ከነቧንቧው ስናስገባ የኮንቨርተሩ ሞዴል በዝርዝሩ ብቻ ሳይሆን በመሠረታዊ ባሕርዩም እንደሚለወጥ ነው። የመረጋጋት ሁኔታው ይለወጣል፤ ብክነት የሚጎዳበት ሰዓት ይለወጣል፤ መቆጣጠር ያለብን ነገር ራሱ ይለወጣል።

ጉዳዩን በቅርብ ለማየት አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በመቂ አካባቢ ባለ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚለማበት ማሳ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ እናስብ። በዚህ አካባቢ መስኖ የሚያስፈልገው ዝናብ በማይኖርበት፣ ፀሐይም በበረታበት ወቅት ነው፤ ለዓመታት ውኃውን ሲያወጣ የኖረው የናፍጣ ሞተር ደግሞ የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የገበሬውን ትርፍ እየበላው ነው። በምሳሌው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ውኃ ከጉድጓዱ ወጥቶ ወደ ማጠራቀሚያው አፍ እስኪደርስ 55 ሜትር መውጣት አለበት፤ በቧንቧ ውስጥ ያለው ሰበቃ በሙሉ ፍሰት ጊዜ 5 ሜትር ይጨምራል። የሚፈለገው በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ነው እንበል።

ከውኃው ተነሥተን ወደ ፓነሉ እንመለስ። በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ውኃን 60 ሜትር ማንሣት 1635 ዋት ያህል ንጹሕ የሃይድሮሊክ ኃይል ይጠይቃል። ፓምፑ የሚቀበለውን ኃይል 55 በመቶ ወደ ውኃ ያደርሳል፣ ሞተሩ 80 በመቶውን፣ የፓነሉን ቀጥተኛ ከረንት ለሞተሩ ወደ ተለዋዋጭ ከረንት የሚቀይረው ኢንቨርተርና ገመዱ በአንድነት 95 በመቶውን ያሳልፋሉ ብንል፣ ከፓነሎቹ የሚፈለገው 3.9 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። ባለ 330 ዋት ፓነል 16 ብንደረድር በስም 5.28 ኪሎዋት እናገኛለን። ይህ ከሚያስፈልገው በላይ ይመስላል፤ ግን አየሩ 28 ዲግሪ ሲሆንና ብርሃኑ 900 ዋት በካሬ ሜትር ሲደርስ የፓነሉ ሕዋስ ወደ 56 ዲግሪ ይሞቃል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ የሚሆን ኃይል ስለሚጠፋም ከፓነሎቹ የምናገኘው 4.2 ኪሎዋት አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ ትርፍ የመሰለው ነገር ትርፍ አይደለም።

አሁን ወደ ፓምፑ እንግባ፤ ነገሩ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ፍጥነቱ ሲቀንስ የሚሰጠው ፍሰት በፍጥነቱ ልክ፣ የሚፈጥረው ግፊት በፍጥነቱ ካሬ፣ የሚወስደው ኃይል ደግሞ በግምት በፍጥነቱ ኩብ ይቀንሳል። ይህ ሕግ በየመማሪያ መጽሐፉ ስላለ ብዙዎች በሞዴላቸው ውስጥ የኩቡን ቀመር ብቻ ጽፈው ያልፋሉ። ይሁን እንጂ ጉድጓዱ 55 ሜትር ጥልቀቱን ከፍጥነቱ ጋር አይቀንስም። የሞተሩን ፍጥነት የሚወስነው ኢንቨርተሩ የሚሰጠው ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ፓምፑ በ50 ኸርዝ፣ ማለትም በሙሉ ፍጥነቱ፣ ሲዞር ምንም ሳያፈስ 85 ሜትር የሚያህል ግፊት የሚፈጥር ቢሆን፣ 55 ሜትሩን ለማሸነፍ ቢያንስ 40.2 ኸርዝ ያስፈልገዋል። ከዚያ በታች ሞተሩ ይዞራል፣ ኃይል ይወስዳል፣ ይሞቃል፤ ማጠራቀሚያው አፍ ላይ ግን ጠብታ የለም።

ይህን በቁጥር ማስቀመጥ ይጠቅማል። የፓምፑን ኩርባ በካሬ ቀመር ወክዬ፣ ፓምፑ በሙሉ ፍጥነት ምንም ሳያፈስ ሲዞር ከሙሉ ጭነቱ ኃይል 60 በመቶውን ይወስዳል ብዬ ስሌቱን ስሠራው የማገኘው እንደሚከተለው ነው። በ50 ኸርዝ ሙሉው ኃይል ገብቶ 10 ሜትር ኩብ በሰዓት ይወጣል። በ45 ኸርዝ 66 በመቶው ኃይል 6.8 ሜትር ኩብ ይሰጣል። በ42.5 ኸርዝ ግማሹ ኃይል 4.6 ሜትር ኩብ፣ በ41 ኸርዝ ደግሞ 40 በመቶው ኃይል 2.7 ሜትር ኩብ ብቻ ያወጣል። በ40.2 ኸርዝ ላይ ፓምፑ አሁንም ከሙሉ ኃይሉ 31 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ውኃው ግን ዜሮ ነው። ሬዚስተር ያለበት ሞዴል ይህን ጊዜ 31 በመቶ ኃይል «ተሰብስቧል» ብሎ በግራፉ ላይ ያሰፍራል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ስለ ኮንቨርተር ብክነት ያለንን አመለካከት መለወጥ አለበት። ቀትር ላይ፣ ፓምፑ በሙሉ ፍጥነት ሲሠራ፣ 4 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ብናገኝ ውኃው የሚጨምረው 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጠዋትና ማታ፣ ፓምፑ በ41 ኸርዝ አካባቢ ሲንፏቀቅ ግን፣ 7 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ውኃውን በ24 በመቶ ያሳድገዋል። ስለዚህ የኢንቨርተር አምራቾች በማስታወቂያቸው ላይ በትልቁ የሚጽፉት የሙሉ ጭነት ብቃት ለእኛ ሁለተኛ ደረጃ ቁጥር ነው። የሚያስፈልገን ከሙሉው ኃይል ሲሶና ግማሽ ላይ ያለው ብቃት ነው፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ ከጭነቱ ጋር የማይቀንሱት ብክነቶች፣ ማለትም የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው፣ የማቀዝቀዣው ፋንና ከጭነት ጋር እምብዛም የማይወርደው፣ ከረንቱን በፍጥነት የሚያበሩና የሚያጠፉት ስዊቾች ብክነት፣ ድርሻቸው ይጎላል። ሞዴል ሲሠራ ኮንቨርተሩን «95 በመቶ» በሚል አንድ ቁጥር መወከል በቀትር ሰዓት የማይጎዳ፣ በጠዋቱና በማታው ግን የቀኑን ምርት የሚያዛባ አቋራጭ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ስለ መረጋጋት ነው፤ በእኔ አመለካከት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ሬዚስተር ቮልቴጁ ሲወርድ የሚወስደውን ከረንት ይቀንሳል፤ በዚህም ሥርዓቱን ያረጋጋዋል። ሞተር ያለበት ኢንቨርተር ግን የባሱን፣ ማለትም ኃይል ወደ ኢንቨርተሩ የሚገባበትን የቀጥተኛ ከረንት መስመር፣ ቮልቴጅ መዋዠቅ እያካካሰ ለሞተሩ ቋሚ ቮልቴጅና ቋሚ ፍሪኩዌንሲ እስከሰጠ ድረስ፣ ፓምፑ የሚፈልገው ኃይል አይለወጥም። ቮልቴጁ ሲወርድ ያንኑ ኃይል ለማግኘት ከረንቱን ይጨምራል። በትንንሽ ለውጦች ዓይን ሲታይ ይህ ኔጌቲቭ ሬዚስታንስ ነው፤ በምሳሌያችን የባሱ ቮልቴጅ 520፣ ኃይሉም 3900 ዋት ሲሆን መጠኑ 69 ኦም ገደማ ይሆናል።

አሁን ፓነሎቹ ያለ ቡስት ኮንቨርተር በቀጥታ ከኢንቨርተሩ ካፓሲተር፣ ማለትም በባሱ ላይ ጥቂት ኃይል ከሚያከማቸው አካል፣ ጋር የተያያዙበትን ሥርዓት እንውሰድ። የካፓሲተሩ ቮልቴጅ የሚለወጥበት ፍጥነት ከፓነሉ በሚመጣውና ኢንቨርተሩ በሚወስደው ከረንት ልዩነት ይወሰናል። ይህን ቀመር በአንድ የሥራ ነጥብ ዙሪያ ቀጥተኛ ስናደርገው ሁለት ነገሮች ይደመራሉ፤ አንደኛው የፓነሉ ኩርባ ቁልቁለት ሲሆን ሁልጊዜ አረጋጊ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ኃይሉ ለቮልቴጁ ካሬ ሲካፈል የሚገኘው፣ ሚዛን የሚያፈርሰው የፓምፑ ድርሻ ነው። በከፍተኛው የኃይል ነጥብ ላይ የፓነሉ ቁልቁለት በትክክል ከረንቱ ለቮልቴጁ ሲካፈል ከሚገኘው መጠን ጋር እኩል ነው፤ ነጥቡ ከፍተኛ የተባለውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ድርሻዎች በዚያች ነጥብ ላይ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ከነጥቡ በስተቀኝ፣ ማለትም ቮልቴጁ ከፍ ባለበት በኩል፣ ሥርዓቱ ይረጋጋል፤ በስተግራ በኩል ቮልቴጁ መውረድ ከጀመረ ወርዶ ወርዶ ይወድቃል። እንድንቆምባት የምንመኛት ነጥብ ራሷ የመረጋጋት ድንበር ናት ማለት ነው። ሬዚስተር ያለበት ሞዴል ይህን ድንበር ፈጽሞ አያሳይም፤ ለሬዚስተር የኩርባው ግራም ቀኝም እኩል ደህና ነውና።

መውደቁ በምን ያህል ፍጥነት ይሆናል የሚለውን ማስላት ከባድ አይደለም። የባሱ ካፓሲተር 1000 ማይክሮፋራድ ቢሆን፣ በ520 ቮልት ላይ 135 ጁል ይይዛል። ኢንቨርተሩ ከ400 ቮልት በታች ሥራ የሚያቆም ከሆነ ልንጠቀምበት የምንችለው 55 ጁል ብቻ ነው። ደመና አልፎ የፓነሎቹ ኃይል ከፓምፑ ፍላጎት በ1 ኪሎዋት ቢያንስ፣ ይህ ክምችት የሚበቃው ለ55 ሚሊሰከንድ ነው፤ ቮልቴጁ ሲወርድ የፓነሎቹ ኃይልም አብሮ ስለሚወርድ በተግባር ከዚያም ያነሰ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ተቆጣጣሪው ፍሪኩዌንሲውን ከ50 ወደ 46 ኸርዝ አካባቢ ማውረድ አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ረዳት አለ። የሚዞረው አካል ኢነርሺያ፣ ማለትም የፍጥነት ለውጥን የመቋቋም ባሕርዩ፣ 0.01 ኪሎግራም ሜትር ካሬ ቢሆን፣ በ300 ራዲያን በሰከንድ ሲዞር 450 ጁል ይይዛል፤ ወደ 46 ኸርዝ ሲወርድም ከ60 ጁል በላይ ይለቃል። ይህ ከካፓሲተሩ ጠቃሚ ክምችት ያላነሰ ነው። በመሆኑም የሞተሩን የመዞር ቀመር ከሞዴሉ ያወጣ ሰው ኃይል ከሚያከማቹት ሁለት ቦታዎች አንዱን አውጥቷል።

በቡስት ኮንቨርተሩም ላይ ነገሩ ከመማሪያ መጽሐፉ ይገለበጣል። የተለመደው የቡስት ሞዴል የሚነሣው መግቢያው ጽኑ የቮልቴጅ ምንጭ ነው፣ መቆጣጠር የምንፈልገውም የመውጫውን ቮልቴጅ ነው ከሚል ነው። በዚህ ሁኔታ ዲዩቲ ሳይክሉ፣ ማለትም ስዊቹ ዝግ ሆኖ የሚቆይበት የጊዜ ድርሻ፣ በድንገት ሲጨምር የመውጫው ቮልቴጅ መጀመሪያ ወደ ታች ሄዶ ኋላ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይህ የታወቀ ጠባይ ተቆጣጣሪውን ቀስ እንዲል ያስገድደዋል። በፀሐይ ፓምፕ ላይ ግን መግቢያው ልል ነው፣ ቮልቴጁ ከሚወሰደው ከረንት ጋር ይሄዳል፤ መቆጣጠር የምንፈልገውም መግቢያውን፣ ማለትም የፓነሉን ቮልቴጅ ነው፤ የመውጫውን ባስ የሚጠብቀው ኢንቨርተሩ ነው። ሞዴሉን በዚህ አቅጣጫ ስንጽፈው ያ የሚያስቸግር የተገላቢጦሽ ምላሽ ከቁጥጥሩ መንገድ ላይ ይጠፋል። ከመጽሐፉ የተቀዳውን ቀመር እንዳለ የወሰደ ሰው የሌለ ችግር ለመፍታት ተቆጣጣሪውን ያዘገየዋል፤ ያለውን የኔጌቲቭ ሬዚስታንስ ችግር ደግሞ አያየውም።

ስለ ቡስት ካነሣሁ አይቀር፣ በተማሪዎች ሥራ ውስጥ የማየውን አንድ ምኞትም ልጥቀስ። ከአንድ ፓነል 37 ቮልት ተነሥቶ በአንድ ቡስት ኮንቨርተር ባለ 220 ቮልት ሲንግል ፌዝ ፓምፕን ማንቀሳቀስ ነው። ለ220 ቮልት 311 ቮልት ባስ ያስፈልጋል፤ ይህም ከስምንት እጥፍ በላይ ማሳደግ ነው። በሲሙሌሽን ውስጥ የቡስቱ የሽቦ ጥቅል፣ ማለትም ኢንዳክተሩ፣ ሬዚስታንስ የሌለው ከሆነ ዲዩቲ ሳይክሉን ወደ 0.88 ወስዶ ቁጥሩን ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን የኢንዳክተሩ ሬዚስታንስ ከጭነቱ 2 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ሌላ ምንም ብክነት ሳይቆጠር፣ ቡስቱ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ 3.5 እጥፍ ያህል ነው፤ እዚያ ጣሪያ ላይም ከሚገባው ኃይል ግማሹ በኢንዳክተሩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አንዲት ትንሽ ሬዚስታንስ በሞዴሉ ውስጥ መጻፍ ሙሉውን ንድፍ ትጥለዋለች። ለትንሽ ጉድጓድ የሚሻለው መንገድ በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ ብራሽ የሌለው ሞተር መጠቀም ነው።

ለምሳሌያችን 4 ኪሎዋት ያህል ፓምፕ እኔ ቡስቱን ጭራሽ አልመርጥም። ፓነሎቹን በበቂ ቁጥር በተከታታይ ማያያዝ ይበልጣል፤ ቁጥሩን የሚወስነው ግን እንደገና ሞዴሉ ነው። ለ380 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር 537 ቮልት ባስ ይፈለጋል። 15 ፓነል በመደበኛው ሁኔታ 555 ቮልት ይሰጣልና ይበቃል ያሰኛል፤ ሕዋሱ 56 ዲግሪ ሲደርስ ግን ወደ 486 ይወርዳል፣ ከዚያም ኢንቨርተሩ ለሞተሩ ሊሰጥ የሚችለው 344 ቮልት ነው። 18 ፓነል በሙቀት ጊዜ ምቹ ቢሆንም፣ በቀዝቃዛ ንጋት ሕዋሱ 5 ዲግሪ ላይ ሳለ ፀሐይ ስትመታው ጭነት የሌለው ቮልቴጅ 859 ይደርሳል፤ 800 ቮልት ብቻ የሚችል ኢንቨርተርን ያቃጥላል። 16 ፓነል በንጋት 763፣ በቀትር ሙቀት 520 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ በሁለቱ መካከል ያልፋል። የሞተሩን ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ በአንድ ላይ ስለምናወርድ ደግሞ በ41 ኸርዝ ላይ 440 ቮልት ባስ ይበቃል፤ ብርሃኑ ሲደክም የፓነሉ ቮልቴጅ ጥቂት ብቻ ስለሚወርድም ጠዋት ላይ የቮልቴጅ ችግር አይኖርም።

እስካሁን «ሞዴል» ስል አንድ ነገር ያለ አስመስዬ ተናግሬያለሁ፤ በተግባር ግን ሦስት የተለያዩ ሞዴሎች ያስፈልጋሉ። ኢንቨርተሩ በ10 ኪሎኸርዝ የሚቀያይር ከሆነ አንዱ ዙር 100 ማይክሮሰከንድ ነው፤ የስዊቾቹን መክፈትና መዝጋት በትክክል ለመከተል የስሌቱ እርምጃ 1 ማይክሮሰከንድ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። በዚህ እርምጃ አንድ ቀን ለማስላት 86 ቢሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ደመና ሲያልፍ የሚሆነውን ለማየት ስዊቾቹን በአማካያቸው መተካት ግድ ነው። ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎቹ ሚድልብሩክና ቹክ ሥርዓት ባለው መልኩ አስቀመጡት፤ ሐሳቡ ስዊቹ ክፍት ሲሆንና ዝግ ሲሆን ያሉትን ሁለት የቀመር ስብስቦች እያንዳንዳቸው በሚቆዩበት ጊዜ ድርሻ መዝኖ ወደ አንድ ማምጣት ነው። ከዚያ በኋላ እርምጃው ወደ ሚሊሰከንድ ክፍልፋይ ያድጋል፤ ከላይ የተናገርኩት የመረጋጋት ትንተናም በሙሉ በዚህ ሞዴል ላይ ይሠራል። ዓመቱን ሙሉ የሚወጣውን ውኃ ለማወቅ ግን ይህም ይከብዳል፤ በየደቂቃው ሚዛን ላይ ደርሷል ብሎ የሚያሰላ ቀላል ሞዴል፣ ለዓመቱ 525,600 ነጥብ ብቻ የሚያስፈልገው፣ በነጻ በሚገኙት የስሌት ፕሮግራሞች በፓይተን ወይም በኦክታቭ በተራ ላፕቶፕ ላይ በቅጽበት ያልቃል። ለማትላብ ፈቃድ መክፈል ለማይችል ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከእነዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም። ለምሳሌ የገመዱን ጉዳይ የሚያሳየው የመጀመሪያው ዓይነት ብቻ ነው። ኢንቨርተሩ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ቢሆን እንኳ ሞተሩ ከሥር ስለሆነ 100 ሜትር የሚደርስ ገመድ ይኖራል። የዘመኑ ስዊቾች በ100 ናኖሰከንድ አካባቢ ይከፈታሉ፤ በገመዱ ውስጥ ሞገዱ የሚጓዘው በማይክሮሰከንድ 150 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ገመዱ ከ7.5 ሜትር ከበለጠ የሚሄደው ሞገድና ከሞተሩ የሚመለሰው ተደራርበው በሞተሩ ጫፍ ላይ የባሱን ቮልቴጅ እጥፍ ሊያደርሱ ይችላሉ። በእኛ ምሳሌ ይህ ከ1000 ቮልት ያልፋል። በአማካይ ሞዴሉ ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ ሞተሩ ንጹሕ 380 ቮልት ያገኛል። በዚህ ቮልቴጅ የሞተሩ ጠመዝማዛ ሽቦ ሲነድ ሞተሩን ለማውጣት ቧንቧው በሙሉ ከጉድጓድ መሳብ አለበት፤ በኢንቨርተሩ መውጫ ላይ ፊልተር ማስቀመጥ ከዚያ ሁሉ እጅግ ይረክሳል።

ሙቀት ደግሞ በሦስቱም ሞዴሎች ላይ የሚጨመር የራሱ ቀመር ይፈልጋል። ከ1000 ሜትር ከፍታ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ለየ100 ሜትሩ የኢንቨርተሩን አቅም 1 በመቶ መቀነስ የተለመደ ነው፤ በ1600 ሜትር ላይ 6 በመቶ ይሆናል። በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ታሽጎ ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ኢንቨርተር ከዚህም በላይ ይጎዳል። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ስለሚያጥር፣ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር በጥላ መስቀል በሞዴሉ ላይ በዓመታት የሚቆጠር ልዩነት ያመጣል።

የከፍተኛ ኃይል ነጥብ መከታተያውን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ስለሱ ከሚገባው በላይ ስለሚጻፍ ነው። በሚሊሰከንድ የሚሮጥ መከታተያ ለፓምፕ ጥቅም የለውም። ቮልቴጁን ጥቂት ነቅንቆ የኃይሉን ለውጥ የሚያየው ስልት፣ ቀጣዩን እርምጃ ከመውሰዱ በፊት ባሱ፣ ሞተሩና በቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ እስኪረጋጉ መጠበቅ አለበት፤ ካልጠበቀ የራሱን ንቅናቄ ከደመናው ለውጥ መለየት ያቅተዋል። ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የመነሻና የማቆሚያ ደንቡ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከእንዲህ ያለ ፓምፕ አጠገብ የቆመ ሰው የሚያየው ይህን ነው፤ የኢንቨርተሩ መስኮት 38፣ 39፣ 40 እያለ ይወጣል፣ ከቧንቧው አፍ አየር ይነፋል፣ ጥቂት ውኃ ብቅ ይላል፣ ከዚያ አንዲት ቀጭን ደመና ታልፍና ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይወድቃል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይጀምራል። እያንዳንዱ መነሣት በሞተሩ የግፊት መሸከሚያና ውኃው እንዳይመለስ በሚያግደው ቫልቭ ላይ ያርፋል፤ ብዙ አምራቾች በውኃ ውስጥ የሚሠሩ ሞተሮችን ከ30 ኸርዝ በታች አታዙሩ የሚሉትም ለዚሁ መሸከሚያ ሲሉ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በጎኑ በሚያልፈው ውኃ ስለሆነ፣ በ40 ኸርዝ አካባቢ ውኃ ሳያወጣ ረጅም ጊዜ መዞሩም ራሱን የቻለ ጉዳት ነው። በሞዴሉ ላይ ደንቡን መሞከር ቀላል ነው፤ ፓነሎቹ 42 ኸርዝ የሚያህል ኃይል ለተወሰኑ ደቂቃዎች ያለማቋረጥ መስጠት እንደሚችሉ እስኪረጋገጥ አለመነሣት፣ ከ40.5 ሲወርድ ደግሞ ፈጥኖ ማቆም። በዚህ ደንብ የሚቀረው ውኃ እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚቀነሰው የመነሣት ቁጥር ግን በተለይ በሰኔና በሐምሌ ደመናማ ጠዋቶች ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ ከመስክ ጋር ለማስተያየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አብዛኞቹ የፀሐይ ፓምፕ ኢንቨርተሮች የባሱን ቮልቴጅ፣ ከረንቱን፣ ፍሪኩዌንሲውንና ኃይሉን በመስኮታቸው ያሳያሉ። ፍሰቱን መጠኑ በሚታወቅ በርሜልና በሰዓት መለካት ይቻላል። ከሁሉ አስቀድሞ መለካት ያለበት ውኃ መውጣት የሚጀምርበት ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ይህ አንድ ቁጥር የጉድጓዱን እውነተኛ ከፍታና የፓምፑን የማርጀት ደረጃ አንድ ላይ ይነግራል። ቀጥሎ የጉድጓዱ ውኃ ከተሳበ በኋላ ስንት ሜትር እንደሚወርድ መለካት ያስፈልጋል፤ በምሳሌዬ ቋሚ ያደረግሁት 55 ሜትር ከሰዓት በኋላ 58 ሊሆን ይችላልና፣ ያን ጊዜ የመነሻው ፍሪኩዌንሲ ከ40.2 ወደ 41.3 ያድጋል። ከላይ የሰጠኋቸውን የፍሰት ቁጥሮች ለራሱ ጉድጓድ ሊጠቀምባቸው የሚፈልግ ሰው በእነዚህ ልኬቶች የፓምፑን ኩርባ አስተካክሎ ስሌቱን መልሶ ሊሠራው ይችላል።